ኢኮኖሚክስ በእርሳስ ይጠናል፦ ለጎንደር ተማሪ የአራት ዓመት መመሪያ

ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት የሚሞላ ተማሪ ኢኮኖሚክስን ሲመርጥ በልቡ የያዘው ባንክን፣ ብርንና የኑሮ ውድነትን ነው። ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ግን እኩልታ፣ ግራፍና የግሪክ ፊደል ነው። ብዙዎች ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚደነግጡት ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም፤ እንደ ታሪክ በንባብ የሚወጡት መስሏቸው ስለሚጀምሩት ነው። ሃንድአውቱን አምስት ጊዜ ያነበበ ተማሪ፣ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ በገዛ እጁ የሠራውን አይደርስበትም።

የትምህርቱ እምብርት ምርጫ ነው። ያለው ውስን፣ የሚፈለገው ብዙ ሲሆን ቤተሰቡ፣ ነጋዴው፣ መንግሥቱ ምኑን ይዞ ምኑን ይተዋል? የተተወውስ ስንት ያወጣ ነበር? የደምቢያ ገበሬ አንድ ጥማድ መሬት ላይ ጤፍ ሲዘራ ወጪው የዘር፣ የማዳበሪያና የጉልበት ብቻ አይደለም፤ እዚያው መሬት ላይ ሊያመርት ይችል የነበረው ሽምብራም ይቆጠራል። ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባለው ይህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን እየለዋወጠ ይመለሳል።

ትምህርቱ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

ፕሮግራሙ አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ እንደገና የተጀመረው የጋራ ትምህርት ዓመት ነው። ሳይኮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ አንትሮፖሎጂው፣ እንግሊዝኛው ሁሉ ለጠቅላላ ውጤት ይቆጠራል። ወደ ኢኮኖሚክስ ለሚያመራ ተማሪ ግን ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይበጃል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብንና የኢኮኖሚክስ መግቢያን። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ለፈተና ብቻ የሸመደደ ተማሪ ዕዳውን በቀጣዩ ዓመት ከነወለዱ ይከፍላል።

ሁለተኛው ዓመት የመሠረት ዓመት ነው። ማይክሮ (የገዢና የሻጭ ምርጫ) አንድና ሁለት፣ ማክሮ (የአገር ኢኮኖሚ) አንድና ሁለት፣ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታትስቲክስ፣ ትንሽም አካውንቲንግ ይኖራል። በሦስተኛው ኢኮኖሜትሪክስ (ንድፈ ሐሳብን በመረጃ መፈተኛ)፣ ማቴማቲካል ኢኮኖሚክስ፣ የልማት ኢኮኖሚክስ፣ ዓለም አቀፍ ንግድ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የሠራተኛ ገበያና የጥናት ዘዴ ይመጣሉ። አራተኛው ላይ የመንግሥት ፋይናንስ፣ የገንዘብና የባንክ ጉዳይ፣ የፕሮጀክት ትንተና፣ የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስና ሲኒየር ኤሴይ የሚባለው የመመረቂያ ጥናት አሉ። የአንዳንዱ ኮርስ ሴሚስተር ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሰንሰለቱ ግን ያው ነው። ካልኩለስ ከሌለ ማይክሮ ሁለት አይገባም፣ ስታትስቲክስ ከሌለ ኢኮኖሜትሪክስ አይገባም፣ ኢኮኖሜትሪክስ ከሌለ ሲኒየር ኤሴዩ የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል። ስለዚህ «ዲ» ያገኙበትን ካልኩለስ «አለፈልኝ» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ክረምቱን ተቀምጦ መሥራት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ ስንት ነው?

የሒሳቡ ስፋት ከሚፈራው ያነሰ፣ ጥልቀቱ ግን ከሚገመተው የበዛ ነው። ዴሪቬቲቭ፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ የላግራንዥ ዘዴ (በውስን በጀት የተሻለውን ምርጫ ማግኛ)፣ የማትሪክስ ኢንቨርስ፣ የድምር ምልክትና ሎጋሪዝም ከያዙ አብዛኛው መንገድ ተከፍቷል። ግን ቁጥር ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ ምን እንደሚል መናገር ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ተማሪ ለሁለት ነገሮች የሚያወጣው 400 ብር አለው፤ የአንዱ ዋጋ 20 ብር፣ የሌላው 40 ብር ነው። እርካታው የሁለቱ መጠን ብዜት ነው ከተባለ፣ ላግራንዡ ከመጀመሪያው 10፣ ከሁለተኛው 5 እንዲገዛ ይነግረናል። እዚህ ድረስ ሁሉም ይሠራል። ላምዳው 0.25 ሲወጣ ግን ብዙው ተማሪ ከሥሩ መስመር አስምሮ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይሄዳል። ላምዳው የሚለው «በጀቱ አንድ ብር ቢጨመር እርካታው በ0.25 ገደማ ይጨምራል» ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ በ400 ፋንታ 401 አስገብታችሁ እንደገና አስሉት። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ተማሪ ላምዳ ምን እንደሆነ ዳግም አይጠይቅም።

ማይክሮ፦ አንድ ጥያቄ እስከ ጥግ

ጎበዙና ደካማው የሚለየው ማይክሮ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ለልምምድ በተሰናዱ ቁጥሮች፣ በቅዳሜ ገበያ በቀን የሚፈለገው ሽንኩርት በኩንታል «180 ሲቀነስ 2 ጊዜ ዋጋ» ነው፤ የሚቀርበው ደግሞ «3 ጊዜ ዋጋ ሲቀነስ 120»። ዋጋው በብር፣ ለአንድ ኪሎ ነው። ሁለቱን እኩል ስናደርግ 300 = 5 × ዋጋ ይሆናል። ዋጋው 60 ብር፣ መጠኑም 60 ኩንታል ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሻጩ የሚከፍለው የ5 ብር ታክስ ተጣለ። የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያው ይመጣል፤ 60 ላይ 5 ደምሮ «አዲሱ ዋጋ 65» ማለት። በዚህ የአቅርቦት እኩልታ እንዲህ የሚሆነው ገዢው ዋጋ ሲጨምር ምንም ሳይቀንስ የሚገዛ ቢሆን ብቻ ነበር። ትክክለኛው መንገድ በአቅርቦቱ እኩልታ ውስጥ «ዋጋ» ባለበት «ዋጋ ሲቀነስ 5» ማስገባት ነው፤ ሻጩ እጅ የሚገባው እሱ ነውና። 315 = 5 × ዋጋ ይመጣል። ገዢው 63 ብር ይከፍላል፣ ለሻጩ 58 ብር ይደርሰዋል፣ መጠኑ ወደ 54 ኩንታል ይወርዳል። ሕጉ «ሻጩ ይክፈል» ቢልም ከ5ቱ ብር 3ቱን የተሸከመው ገዢው ነው። ምክንያቱ ኢላስቲሲቲ ነው፤ ዋጋ በአንድ በመቶ ሲለወጥ መጠኑ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ የሚለካው። በመነሻው ነጥብ ላይ የፍላጎቱ 2፣ የአቅርቦቱ 3 ነው። ከገበያው ሸሽቶ ማምለጥ የማይሆንለት ወገን የታክሱን ትልቅ ድርሻ ይሸከማል።

ሁለተኛው ስሕተት የመለኪያ ነው። ታክሱ በኪሎ፣ መጠኑ በኩንታል ሆኖ ሳለ 54 × 5 ብሎ «የመንግሥት ገቢ 270 ብር» የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። 54 ኩንታል 5,400 ኪሎ ነው፤ ገቢው 27,000 ብር ይሆናል። ንግዱ በመቀነሱ ማንም እጅ ሳይገባ የሚባክነው ጥቅም ደግሞ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ነው፦ 5 ብር በ600 ኪሎ ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 1,500 ብር።

ሦስተኛው ግራፉ ላይ ይደበቃል። በኢኮኖሚክስ ልማድ ዋጋ በቋሚው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ እኩልታው ግን መጠንን በዋጋ ይገልጻል። ስለዚህ ከመሳል በፊት እኩልታውን መገልበጥ ያስፈልጋል፦ ዋጋ = 90 ሲቀነስ የመጠን ግማሽ። በግራፉ ላይ የሚታየው ስሎፕ ሁለት ሳይሆን ግማሽ ነው። ስሎፕንና ኢላስቲሲቲን አንድ አድርጎ ማየትም ከዚሁ የሚወለድ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስሎፑ ሳይለወጥ ኢላስቲሲቲው ከነጥብ ነጥብ ይለያያል።

ከዚያ ቁጥሩን እየለወጡ መድገም ነው። የፍላጎቱን 2 ወደ 1 ቀይሩት፦ ዋጋው 75 ይሆናል፤ ከታክስ በኋላ 78 ብር ከ75 ሳንቲም። የገዢው ሸክም ከ3 ብር ወደ 3 ብር ከ75 ሳንቲም አደገ። ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ጉዳዩ ገብቷችኋል። ካልቻላችሁ ገና ነው።

ጎንደር ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲለደስን መዋኛ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ይበዛል፣ የሆቴል ክፍል ግን በሳምንት ውስጥ አይገነባም፤ ስለዚህ ጭማሪው ሁሉ ዋጋ ላይ ያርፋል። የአጭር ጊዜ አቅርቦት ኢላስቲሲቲ ይህ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ባለሀብቱ ሌላ ሆቴል ይሠራል፤ ያ ደግሞ የረጅም ጊዜው ነው።

ማክሮ፦ ቁጥሩ የየት ዓመት ነው?

ማክሮ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት፣ የዋጋ ንረትን፣ ሥራ አጥነትን፣ ወለድንና ምንዛሪን ያያል። ሞዴሎቹ በግራፍ ላይ በመስመሮችና በቀስቶች ይሳላሉ፤ ችግሩ ያለው ቀስቶቹን መሸምደድ ላይ ነው። «መንግሥት ወጪ ሲጨምር መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል» ከማለት በፊት ማን ለማን ከፈለ፣ ያ ሰው ገንዘቡን ምን አደረገው የሚለውን ሰንሰለት በቃላት መጻፍ ይቅደም።

ሁለት ስሌቶች በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ። አንደኛው እውነተኛ ወለድ ነው። ገንዘብ ባንክ በ7 በመቶ ወለድ ተቀምጦ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢንር፣ ብዙዎች ቀንሰው «ኪሳራው 13 በመቶ» ይላሉ። ቁጥሮቹ ትልቅ ሲሆኑ መቀነስ ያሳስታል፤ 1.07 ለ1.20 ሲካፈል 0.892 ገደማ ነውና የገንዘቡ የመግዛት አቅም የወረደው በ10.8 በመቶ ነው። ሁለተኛው የምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከ57 ወደ 114 ቢሄድ የዶላር ዋጋ በብር ሲታይ 100 በመቶ ጨመረ፤ ብር በዶላር ሲታይ ግን 50 በመቶ ነው ያጣው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የየትኛውን ገንዘብ ለውጥ እንደምትናገሩ ግን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

መረጃ ስትሰበስቡ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ የ2016 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ማለት ነው። የብሔራዊ ባንክን አሐዝ ከዓለም ባንክ አሐዝ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን የደረደረ ተማሪ ይህን ካላስተካከለ አንዱን ዓመት ከሌላው ዓመት ጋር እያነጻጸረ ነው። ስሕተቱ ለዓይን አይታይም፤ ሪግሬሽኑ (የተለዋዋጮቹን ግንኙነት የሚገምተው ስሌት) ግን ይበላሻል።

ቀሪዎቹ ኮርሶች

በማይክሮና በማክሮ ላይ የቆመ ተማሪ እነዚህን በቀላሉ ይወጣቸዋል። የልማት ኢኮኖሚክስ ድህነት እንዴት እንደሚለካና አገሮች ለምን እንደሚለያዩ ይጠይቃል። ዓለም አቀፍ ንግድ ከመተማና ከሁመራ የሚወጣው ሰሊጥ ወደ ውጭ ሲሄድ ማን እንደሚጠቀም ያሳያል። የመንግሥት ፋይናንስ ታክስንና የጋራ አገልግሎትን ይይዛል። የውኃ እጥረት የጎንደርን ነዋሪ ስለሚነካ «ውኃ በስንት ይሸጥ፣ ማንስ ይደጎም» የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም። የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ ገበያ ዋጋ የማይሰጠውን ይተምናል፦ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ ሰንብቷል። የግጦሹንና የዋልያውን ሚዛን በብር መግለጽ ይቻላል ወይ ብሎ መከራከር ለዚህ ኮርስ ጥሩ መነሻ ነው።

የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ታሪክን ብዙዎች እንደ ዕረፍት ኮርስ ይይዙታል። ስሚዝን፣ ሪካርዶን፣ ማርክስንና ኬንስን ስታነቡ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አትዝለሉት። ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው ሥራው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ድካም እንደሚለውጥ በአማርኛ አስረድቷል። የገንዘብ ኮርስ ላይም የድሮ ገበያ የጨው አሞሌን አስቡ፦ ለመለዋወጫ ሆነ፣ ዋጋ መለኪያም ሆነ፤ ዝናብ ሲነካው ግን ይሟሟል፣ ሲጓዝ ይሰበራል። ሀብት ማቆያነቱ ለምን ደካማ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ኢኮኖሜትሪክስ

እዚህ ኮርስ ላይ ንድፈ ሐሳብ ከመረጃ ጋር ይገናኛል። ሶፍትዌሩ፣ ስታታ ይሁን ሌላ፣ ምንም ቢያስገቡበት መልስ ይሰጣል፤ የተሳሳተ ጥያቄም ቢሆን።

የጎንደርን የቤት ኪራይ የሚያጠና ሰው ዋጋውን በክፍል ብዛት፣ በውኃ መኖርና በሰፈር ይገልጸዋል እንበል። ሰፈሮቹ ፒያሳ፣ ማራኪና አዘዞ ናቸው። ለሦስቱም «አዎ 1፣ አይደለም 0» የሚል ተለዋዋጭ ፈጥሮ ከኮንስታንቱ ጋር ሁሉንም ካስገባ፣ የሦስቱ ድምር ሁልጊዜ 1 ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሊለያቸው አይችልም፤ አንዱን ራሱ ይጥላል። መጣል ያለበት አጥኚው ነው። አዘዞን ከጣለ የማራኪ ቁጥር «ከአዘዞ ጋር ሲነጻጸር» ተብሎ ይነበባል። ይህን ሐረግ ዘንግቶ «ማራኪ ኪራይን በዚህ ያህል ይጨምራል» ብሎ መጻፍ በየኤሴዩ የሚታይ ስሕተት ነው።

ሌላው ምክንያትና ውጤትን መገልበጥ ነው። ውኃ ያለው ቤት ኪራዩ ውድ ነው። ውኃው ነው ያስወደደው? ወይስ ውድ ሰፈር ስለሆነ ቀድሞ መስመር ገባለት? ቁጥሩ ይህን አይመልስም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚመልሰው። አር ስኩዌር (ሞዴሉ ከልዩነቱ ምን ያህሉን እንደገለጸ የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ እንዲል ብቻ ተለዋዋጭ መደርደርም አያዋጣም፤ ተቀራራቢ ነገር የሚለኩ ሁለት ተለዋዋጮች አብረው ሲገቡ ስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ እርግጠኛ አለመሆን መለኪያ) ያብጣል፣ ሁለቱም ትርጉም የሌላቸው ይመስላሉ። የገቢ ቁጥር ሰፊ ልዩነት ባለበት ናሙና ላይ ደግሞ ይህን ልዩነት ታሳቢ የሚያደርገውን ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር መጠቀም ልማድ አድርጉት። ሎጂት (ውጤቱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሲሆን የሚያገለግል ሞዴል) የሠራ ተማሪም ጥሬውን ኮኤፊሸንት እንደ ዕድል መጠን አያንብበው፤ ማርጂናል ኢፌክቱን ማውጣት አለበት።

ሲኒየር ኤሴይ፦ ከመንደር የሚመጣ መረጃ

ርዕስ ስትመርጡ በታክሲ ደርሳችሁ የምትመለሱበትን፣ በስምንት ሳምንት የምትጨርሱትን ምረጡ። «የኢትዮጵያ ዕድገት መንስኤዎች» ከሚል «የአዘዞ አነስተኛ ነጋዴዎች ባንክ ለምን ይቆጥባሉ፣ ለምንስ ዕቁብ ይመርጣሉ» የሚለው በእጅ የሚያዝ ነው።

ለናሙና መጠን ብዙው ሰው የያማኔን ቀመር ይወስዳል፦ የሕዝቡ ቁጥር፣ «1 ሲደመር የሕዝቡ ቁጥር ሲባዛ በስሕተቱ ልክ ካሬ» ለሚለው ይካፈላል። ለ2,000 ቤተሰብ፣ ስሕተቱ 5 በመቶ ሲሆን 334 ሰው ይወጣል። ድካሙ የበዛበት ተማሪ ስሕተቱን 10 በመቶ ያደርግና 96 ላይ ያሳርፈዋል። ችግሩ የሚታየው በኋላ ነው። ከ96ቱ ብድር የወሰዱት 20 ብቻ ቢሆኑ፣ በተለመደው መመዘኛ ለአንድ ተለዋዋጭ 10 ያህል ብድር የወሰደ ሰው ስለሚያስፈልግ ሎጂቱ የሚችለው ሁለት ተለዋዋጭ ነው፤ ተማሪው ግን አሥራ ሁለት አስገብቷል። ስለዚህ ናሙናውን ከመወሰናችሁ በፊት ሞዴሉን በወረቀት ጻፉት፣ ተለዋዋጮቹን ቁጠሩ።

መጠይቁን በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ጠያቂው በየደጁ በቃሉ የሚተረጉመው መጠይቅ በአሥር ሰው ዘንድ አሥር ዓይነት ጥያቄ ይሆናል። «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ብሎ ቀጥታ መጠየቅም አይሠራም፤ ገበሬ በወር አይቆጥርም፣ ነጋዴውም የግብር ሰው የመጣበት ይመስለዋል። እንዲህ ይጠየቃል፦

«እናቴ፣ ባለፈው መኸር ስንት ኩንታል ጤፍ አስገቡ?»
«ስድስት።»
«ከዚያ ውስጥ ስንቱን ሸጡት?»
«ሁለቱን። ለልጁ ትምህርት ነው፣ በታኅሣሥ።»
«ኩንታሉን በስንት ሰጡት?»

ከሦስት አጭር ጥያቄ ምርቱ፣ የተሸጠው፣ ዋጋውና ወሩ ተገኘ። ገቢውን የምታሰሉት እናንተ ናችሁ። ለቤት የቀረው አራት ኩንታልም ገቢ ነውና በገበያ ዋጋ ተምናችሁ ደምሩት። መሬት በጥማድ ሲነገራችሁ እንደተነገራችሁ መዝግቡ፤ አራት ጥማድ ወደ አንድ ሄክታር ቢጠጋም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቅየራውን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ሥሩት። መጠይቁን መጀመሪያ አሥር ሰው ላይ ሞክሩት። ሁሉም «አላውቅም» ያሉበት ጥያቄ የተበላሸ ጥያቄ ነው።

የመውጫ ፈተናና ዲፈንስ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪው የሚሰጠው የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ላመጣ ነው። ፈተናው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያለውን ይነካል። ስለዚህ በየኮርሱ መጨረሻ፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ ዋና ዋና ስሌቶቹን በአንድ ደብተር ሁለት ገጽ ላይ አስፍሩ፤ በአራተኛ ዓመት መጨረሻ በሁለት ሳምንት የምትከልሱት እሱን ነው። ያለፉ ጥያቄዎችን ስትሠሩ መልሱን ብቻ አትያዙ፤ ሦስቱ የተሳሳቱ አማራጮች ለምን እንደተሳሳቱ ጻፉ።

ዲፈንስ ላይ፣ ጥናቱን በመምህራን ፊት ስትከላከሉ፣ የሚጠየቀው ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ይህን ሞዴል ለምን መረጥህ፣ የዚህ ተለዋዋጭ ምልክት ለምን አሉታዊ ሆነ፣ ናሙናህን እንዴት አገኘህ። መልሱን የሚያውቀው መረጃውን ራሱ ያስገባ ሰው ብቻ ነው። ጥሬ መረጃውን አትንኩት፤ ማስተካከያውን ሁሉ በትዕዛዝ ፋይል ጻፉት። ሁለቱንም በፍላሽና በኢሜይል አስቀምጡ፤ ላፕቶፕ የሚበላሸው አድቫይዘሩ «ሰንጠረዥ አራትን ቀይር» ባለበት ሳምንት ነው።